ፒክአፕ ከመግዛታችሁ በፊት ካቻቢቴ አንሱ፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ጊታር ተጫዋቾች እየተቀባበሉት ያለ ጽሑፍ አነበብኩ። የሚያወራው ስለ ኤሌክትሪክ ጊታር ፒክአፕ ነው፤ ከክሮቹ ሥር ተቀምጦ ንዝረታቸውን ወደ ኤሌክትሪክ ስለሚለውጠው ዕቃ። አጻጻፉ ጥሩ ነው፤ ጸሐፊውም ሙዚቃ የሚወዱ ሰው እንደሆኑ ያስታውቃል። ምክራቸው ግን ብዙ ወጣት ላላስፈላጊ ወጪ የሚዳርግ ስለመሰለኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ላላነበባችሁት በአጭሩ ላስቀምጠው። እንደ ጸሐፊው አባባል የፒክአፕ ጥራት በኦም፣ ማለትም ሽቦው ኤሌክትሪክን በሚቋቋምበት መጠን (በሬዚስታንሱ) ይለካል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ድምፁ ይበረታል፣ ይሻላልም። ቶን፣ ማለትም የድምፁን ቀለም መቀየር የፈለገ ሰው ውድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚይዝ ትንሽ ዕቃ) ይግዛ። ፒክአፑ ከፋብሪካ የመጣበት ከፍታ አይነካ። ማግኔት በዕድሜ ስለሚደክም ያረጀ ፒክአፕ ይጣል። ፒክአፑን የቀለጠ ሰም ማጠጣት ድምፅ ይገድላል። ለጫጫታ መፍትሔው በባትሪ የሚሠራ ወይም ጫጫታ የለውም ተብሎ የሚሸጥ አዲስ ፒክአፕ ብቻ ነው። የርካሽ ጊታር ፒክአፕ ደግሞ ምንም ቢደረግ ሰው አይሆንም። መደምደሚያቸው አትነካኩት፣ ግዙ የሚል ነው።

እኔ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል ባይ ነኝ። ድምፁን የሚወስነው ፒክአፑ ብቻውን አይደለም። ፒክአፑ፣ የቮሊዩሙና የቶኑ መዞሪያዎች፣ ኬብሉም አንድ ላይ ሆነው ነው። ከእነዚህ አብዛኞቹን በነጻ ወይም በጥቂት ብር መነካካት ይቻላል። እዚህ አገር ደግሞ ጥሩ ፒክአፕ ሱቅ ገብተህ አንስተህ የምትወጣው ዕቃ አይደለም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ይፈለጋል፣ ዶላር ይፈለጋል፣ ይጠበቃል። በቤተክርስቲያን የሚያገለግል ወይም ማታ ክለብ የሚጫወት ልጅ ይህን ሁሉ ከመጀመሩ በፊት እጁ ላይ ያለውን ማወቅ አለበት።

ከኦሙ ልጀምር። ዋናው ስህተት እዚህ ነው፤ ሌላው አብዛኛው ከዚህ የተወለደ ነው።

ፒክአፕ ማግኔትና በዙሪያው የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ ነው። የብረት ክር ከማግኔቱ በላይ ሲንቀጠቀጥ ጥቅሉ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ናይለን ክር ባለው ክራር ላይ የጊታር ፒክአፕ ቢገጠም ዝም የሚለውም ለዚህ ነው፤ የሚንቀጠቀጥ ብረት የለም። የተለመደው 42 ቁጥር ሽቦ (ቁጥሩ ሲጨምር ሽቦው ይቀጥናል) ውፍረቱ 0.06 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከፀጉር አይበልጥም። ስትራቶካስተር በሚባለው የፌንደር ኩባንያ ጊታር ፒክአፕ ላይ ይህ ሽቦ ወደ 8000 ጊዜ ይዞራል። ቴስተር ስትደግኑበት የምታነቡት ኦም የዚህ ሽቦ ሬዚስታንስ ነው። ሌላ ምንም አይደለም።

ሽቦው ሲረዝም ኦሙ ይጨምራል፤ ልክ ነው። ግን ሲቀጥንም ይጨምራል። በ42 ፈንታ 43 ቁጥር ሽቦ ወስዳችሁ ያንኑ ያህል ዙር ብታዞሩ ቁጥሩ በሩብ ያህል ከፍ ይላል። ዙሩ ግን ያው ነው፤ ስለዚህ የሚወጣው ጉልበትም ያው ነው። የፌንደርን ሌላ ጊታር፣ ቴሌካስተርን እዩ። የኔኩ፣ ማለትም በአንገቱ በኩል ያለው ፒክአፕ በ43 ቁጥር ሽቦ የተጠቀለለ ነው። ኦሙ ብዙ ጊዜ ክሮቹ ከታች ከሚያርፉበት ከብሪጁ በኩል ካለው ፒክአፕ ጋር ይስተካከላል፣ አንዳንዴም ይበልጣል። ጆሮ ላይ ግን ለስላሳው እሱ ነው። ተናካሹ የብሪጁ ነው።

የባሰ ማስረጃም አለ። ሌላው የጊታር ኩባንያ ጊብሰን በ1946 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው ፒ-90 የተባለ ፒክአፕ አንድ ጥቅል ነው፤ ወደ 10000 ዙር አለው። ሴዝ ላቨር የተባለ መሐንዲስ ለዚያው ለጊብሰን ሠርቶ በ1955 የፈጠራ መብት ያመለከተበት ሀምበከር ደግሞ ሁለት ጥቅል ነው፤ እያንዳንዳቸው ወደ 5000 ዙር። ሁለቱም በ42 ቁጥር ሽቦ ነው የተሠሩት። ቴስተር ላይ ሁለቱም 8 ኪሎ ኦም አካባቢ ያነባሉ። ድምፃቸው ግን ዓይኑን ጨፍኖ ለሚሰማ ሰው እንኳ የሚምታታ አይደለም። ፒ-90 ሻካራና ጯሂ ነው፤ ሀምበከሩ ወፍራምና የተረጋጋ። በኦም ብቻ ከሄድን ወንድማማች ነበሩ።

በዚያ ላይ ኦም በሙቀት ይለወጣል። መዳብ በየዲግሪ ሴልሺየሱ ሬዚስታንሱ 0.4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ ላይ ጠዋት በ15 ዲግሪ 6 ኪሎ ኦም ያነበበ ፒክአፕ ድሬዳዋ ላይ በ35 ዲግሪ ወደ 6.5 ይጠጋል። ፒክአፑ አልተሻለም፤ ሞቆት ነው። ታዲያ 6.2 ያለውን ትቶ 6.5 ያለውን በተጨማሪ ገንዘብ የሚገዛ ሰው ምን ገዛ ይባላል?

ኦም የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ነው፦ ሽቦው መበጠስ አለመበጠሱን ለማወቅ። ለቶን ግን ሌላ ቦታ ማየት አለብን።

ጥቅሉ ኢንዳክታንስ፣ ማለትም የከረንትን ለውጥ የመቃወም ጠባይ አለው፤ በሄንሪ ይለካል። ኬብላችሁ ደግሞ ካፓሲታንስ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የመያዝ ጠባይ አለው፤ በየሜትሩ 100 ፒኮፋራድ ገደማ። ሁለቱ ሲገናኙ የሆነ ፍሪኩዌንሲ ላይ ድምፁ ጎልቶ ይወጣል። ከዚያ በላይ ያለው ትሬብል (ቀጭኑ ድምፅ) ቁልቁል ይወርዳል። ይህ ጫፍ የት ላይ እንዳለና ምን ያህል ሹል እንደሆነ ነው ጥርት ያለ፣ የታፈነ፣ ወፍራም፣ ቀጭን የሚያሰኘን።

በቁጥር እንየው። የስትራቶካስተር ዓይነት ፒክአፕ 2.4 ሄንሪ ገደማ ነው እንበል። 5 ሜትር ኬብልና የፒክአፑ የራሱ ካፓሲታንስ ሲደመር 600 ፒኮፋራድ ቢሆን ጫፉ 4200 ኸርዝ አካባቢ ይወድቃል። በዚያው ኬብል 4.4 ሄንሪ የሆነ ሀምበከር ብትሰኩ ወደ 3100 ይወርዳል። የሀምበከር ድምፅ ወፈር የሚለው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ፒክአፑን ሳትነኩ ጫፉን ማንቀሳቀስ ትችላላችሁ። 1000 ፒኮፋራድ የሆነች ትንሽ ካፓሲተር ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ታገኛላችሁ፤ ዋጋዋ እዚህ ግባ አይባልም። አንድ እግሯን የፒክአፑ ሽቦ ቮሊዩሙ ላይ ከሚገባበት እግር ጋር፣ ሌላውን ከግራውንድ (የሽቦዎቹ ሁሉ የጋራ መመለሻ) ጋር ሶልደር አድርጓት። ያ 4200 የነበረው ጫፍ ወደ 2600 ይወርዳል። በብሪጅ ፒክአፑ ጆሮ የሚበሳ ጊታር ወዲያው ጎርነን ይላል። ካልወደዳችሁት አንድ እግሯን መንቀል ነው። ታዋቂው ጊታሪስት ጂሚ ሄንድሪክስ እንደ ስልክ ገመድ የተጠቀለለ ረጅም ኬብል ይጠቀም እንደነበር በፎቶዎቹ ላይ ይታያል። እንዲህ ዓይነት ኬብል ካፓሲታንሱ ብዙ ስለሆነ ትሬብሉን ያለዝባል። ያቺ ካፓሲተር የምትሠራውም ያንኑ ነው።

ወደ ሌላው አቅጣጫ መሄድ ከፈለጋችሁስ? ድምፁ የታፈነባችሁ ከሆነ ቮሊዩሙና ቶኑ ላይ ያሉትን ፖቶች፣ ማለትም ከመዞሪያዎቹ ሥር ያሉትን ተለዋዋጭ ሬዚስታንሶች እዩ። 250 ኪሎ ኦም ከሆኑ በ500 ቀይሯቸው። ፖት ሁልጊዜ ፒክአፑን ይጭነዋል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጫፉ ይደፈጠጣል፣ ሲበዛ ይሾላል። በነገራችን ላይ 250 የተጻፈበት ፖት ሲለካ 200 ወይም 300 ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ 20 በመቶ መዛባት ይፈቀድላቸዋል። ሁለት አንድ ዓይነት ጊታር ተሰልፈው ድምፃቸው ሲለያይ ሰው እንጨቱን ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ ፖቱ ነው።

ስለ ውዱ ካፓሲተር ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቶን ላይ የተቀመጠው ካፓሲተር ድምፅ የሚቀይረው በመጠኑ ነው፤ 0.047 ማይክሮፋራድ ከ0.022 ይልቅ ብዙ ትሬብል ይቆርጣል። የተሠራበት ነገር ወረቀትና ዘይት ይሁን ፕላስቲክ፣ መጠኑ አንድ ከሆነ ጆሮ የሚለየው ነገር የለም። ቶኑ 10 ላይ ሲሆን ደግሞ በመካከል 250 ኪሎ ኦም ስላለ ካፓሲተሩ ያን ያህል ሥራ ላይ የለም። ለዚህ ዶላር ማውጣት አያስፈልግም።

የከፍታው ነገር ግን ያሳዝነኛል። ጸሐፊው አትንኩት ያሉት በነጻ ከሚስተካከሉት ሁሉ የመጀመሪያውን ነው። ጊታር በካርቶን ተጭኖ ባሕር ተሻግሮ ሲመጣ ፋብሪካው ያሰበው ከፍታ ላይ ነው ያለው ብሎ ማመን ይከብዳል። ክሩም ተቀይሯል፣ ብሪጁም ተነክቷል።

አለካኩ ቀላል ነው። ክሩን የመጨረሻው ፍሬት (አንገቱ ላይ ካሉት የብረት መስመሮች የመጨረሻው) ላይ ተጫኑ። ከክሩ ታችኛው ጠርዝ እስከ ማግኔቱ ጫፍ ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ለኩ። ለስትራቶካስተር ዓይነት ፒክአፕ በወፍራሙ ክር በኩል 2.4 ሚሊሜትር፣ በቀጭኑ በኩል 2 ሚሊሜትር ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ በካቻቢቴ ብሎኑን በግማሽ ዙር ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ስሙ። ሲቀርብ ድምፁ ይበረታል፣ ይነክሳል። ሲርቅ ይለሰልሳል፣ አየር ያገኛል።

በጣም ሲቀርብ ግን ሌላ ችግር ይመጣል። ማግኔቱ ክሩን ይስበዋል። ወፍራሙን ክር 12ኛው ፍሬት አካባቢና ከዚያ በላይ ስትመቱ አንድ ኖታ ሁለት ሆኖ ይርገበገባል፤ ቱን አልሆን ይላል። ትዝታን ቀስ ብሎ የሚጫወት ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ ረጅሙ ኖታ ላይ ያለው መንቀጥቀጥ ዜማውን ያበላሸዋል። ልጆች ጊታሩ ቱን አይይዝም ብለው ቁልፍ ሊቀይሩ ይመጣሉ። የኔኩን ፒክአፕ ሁለት ዙር ዝቅ ሳደርገው ችግሩ አብሮ ይጠፋል። ቁልፉ ምንም አልነበረበትም።

ማግኔት ያረጃል የሚለውን ባጭሩ ልለፈው። አልኒኮ የሚባለው የአልሙኒየም፣ የኒኬልና የኮባልት ቅይጥ በዕድሜ ብቻ ይህ ነው የሚባል ጉልበት አያጣም። የ1950ዎቹ ፒክአፖች ዛሬም ይሠራሉ። የሚያደክመው ኃይለኛ ሙቀት ወይም ሌላ ጠንካራ ማግኔት ሲነካው ነው። ስለዚህ ፒክአፕ ፈታችሁ ስፒከር ጀርባ ላይ አታስቀምጡ። ደክሞም ከሆነ በጠንካራ ኒዮዲሚየም ማግኔት መልሶ መሙላት ይቻላል። ድምፁ ደክሟል ብሎ ፒክአፕ የሚጥል ሰው መጀመሪያ የዛገውን ክር ይቀይር።

ወደ ሰሙ እንምጣ። ጥቅሉ ውስጥ የላላ ሽቦ ካለ እሱም እንደ ክሩ ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ አምፑ (ድምፅ ማጉያው) ከፍ ሲል ፒክአፑ ያፏጫል። ቮሊዩም ስትቀንሱ የሚጠፋ፣ ክሩን በእጅ ብታፍኑት እንኳ የማይቆም ቀጭን ፉጨት ከሰማችሁ እሱ ነው። ሰም እዚያ ክፍተት ገብቶ ሽቦውን ያስራል። የፒክአፑን ኢንዳክታንስ አይነካም፤ ጫፉንም የሚታይ ያህል አያንቀሳቅስም። በ1950ዎቹ መጨረሻ የነበሩት የጊብሰን ሀምበከሮች ሰም አልነበራቸውም፤ ያቺን ትንሽ ሕይወት የሚወዱላቸው አሉ። በዝቅተኛ ድምፅ ለሚጫወት ሰው ባይነካ ይሻላል፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። በዲስቶርሽን፣ ማለትም አምፑን ከፍ አድርጎ ድምፁን አሻክሮ ለሚጫወት ግን ሰም ነው መድኃኒቱ።

አሠራሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሻማ ሰም አራት እጅ፣ የንብ ሰም አንድ እጅ ይቀላቀላል። የንብ ሰሙ ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ ያደርገዋል። ሰሙ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፤ በእሳት ይያያዛል። ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ ሌላ ዕቃ አስቀምጣችሁ በእንፋሎቱ አቅልጡት። ቴርሞሜትር ግዴታ ነው። 65 ዲግሪ አካባቢ ይበቃል። ከዚያ ብዙ ካለፈ ሽቦው የተጠቀለለበት የፕላስቲኩ ቦቢን ይጣመማል፤ ያን ጊዜ ፒክአፑ አለቀለት። ፒክአፑን ስትነክሩት አረፋ ይወጣዋል። አረፋው ሲያቆም አውጡት፣ ጥረጉት፣ ይቀዝቅዝ።

አሁን ጫጫታው። ይህን ሰፋ አድርጌ መመለስ እፈልጋለሁ፤ ወጣቶችን ብዙ የሚያስወጣቸው ይህ ነውና።

ጸሐፊው ጫጫታን አንድ አድርገው ነው ያዩት። ሁለት ነው። አንደኛው ዝዝዝ የሚለው ሹል ድምፅ ነው፤ ከዲመር፣ ከፍሎረሰንት፣ ከርካሽ ቻርጀር በኤሌክትሪክ ፊልድ ይገባል። ሁለተኛው እምምም የሚለው ወፍራም ድምፅ ነው፤ ከትራንስፎርመርና ከመብራት መስመር በማግኔት ፊልድ ይገባል። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ድምፁም 50 እና ብዜቶቹ ናቸው። ለመለየት ክሩን በእጃችሁ ንኩ። ከቀነሰ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ጊታሩን ታጥቃችሁ ቀስ ብላችሁ ዙሩ። በአንድ አቅጣጫ ጸጥ፣ በሌላው ከፍ ካለ ሁለተኛው ነው። አብዛኛው ጊታር ላይ ሁለቱም አሉ።

የመጀመሪያው በሺልዲንግ፣ ማለትም ሽቦዎቹን በብረት በመከለል ይቀንሳል። ፒክጋርዱን (የጊታሩን ፊት የሚሸፍነውን ሳህን) ፈትታችሁ የጊታሩን ሆድ በመዳብ ቴፕ ልበጡት፣ ከግራውንድ ጋር አገናኙት። የመዳብ ቴፕ ከጠፋ የወጥ ቤት ፎይልም ይሠራል። ሶልደር ስለማይይዝ ግን ሽቦውን በብሎን ጠፍሩት። ቁራጮቹ እርስ በርስ መገናኘታቸውን በቴስተር አረጋግጡ፤ ያልተገናኘ ፎይል ጌጥ ነው። ወደ ብሪጁ የሚሄደው የግራውንድ ሽቦም አለመነቀሉን እዩ። አንዳንዴ ሙሉ ችግሩ እሱ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ቤቱ ኧርዝ ከሌለው ደግሞ ምንም ፒክአፕ ብትገዙ አያድናችሁም፤ ለሕይወትም አደጋ ነው።

ሁለተኛው በፎይል አይቆምም። እሱን የሚያጠፋው ሁለት ጥቅሎችን በተቃራኒ ማሠራት ነው። ሀምበከር የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሦስት ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ) ባለው ጊታር ላይም መሃለኛው ፒክአፕ ከሌሎቹ ተቃራኒ ከሆነ፣ የፒክአፕ መምረጫው ስዊች ሁለት ፒክአፕ በሚያጣምርባቸው 2 እና 4 ላይ ሲሆን ጫጫታው ይጠፋል። መጀመሪያ ጊታራችሁን ፈትኑ፤ ብዙዎቹ ከፋብሪካ እንዲህ ሆነው ይመጣሉ። ካልሆነስ? እዚህ ላይ ያ የተናቀው ርካሽ ፒክአፕ ነው የሚሻለው።

ፒክአፑን ገልብጣችሁ ታቹን እዩ። ርካሹ ላይ ስድስቱ ዘንጎች ተራ ብረት ናቸው። ከሥራቸው ጥቁር ጠፍጣፋ ሴራሚክ ማግኔት ተለጥፏል። በፌንደር አሠራር የተሠሩት ላይ ግን ስድስቱ ዘንጎች ራሳቸው ማግኔት ናቸው፤ ሽቦውም ብዙ ጊዜ በቀጥታ እነሱ ላይ ነው የተጠቀለለው። እነዚያን ገፍቶ ማውጣት ሽቦውን መበጠስ ነው። በፍጹም አይሞከርም። የርካሹን ማግኔት ግን በቀጭን ምላጭ ከሙጫው አላቅቃችሁ መገልበጥ ትችላላችሁ። ወደ ላይ ያይ የነበረው ፊት ወደ ታች ይዙር፣ መልሳችሁ ለጥፉት። ቀጥሎ የዚያኑ ፒክአፕ ሁለት ሽቦዎች አቀያይሩ። ግራውንድ የነበረው ወደ ስዊቹ፣ ወደ ስዊቹ የነበረው ወደ ግራውንድ። አለቀ። ማግኔቱ መገልበጡና ሽቦው መቀያየሩ ለክሩ ድምፅ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ለጫጫታው ግን ሽቦው ብቻ ስለሚቆጠር ተቃራኒ ሆኖ ይሰረዛል። ስዊቹን 2 ላይ ስታደርጉ ድምፁ ቀጥኖ በአፍንጫ የሚወጣ ከሆነ ከሁለቱ አንዱን ረስታችኋል።

ይህ ሥራ የሚጠይቀው ሙጫና ሶልደር ነው። በባትሪ የሚሠሩት ፒክአፖች ጸጥተኞች ናቸው፤ አልክድም። ለከባድ ሮክ ተወዳጅ ናቸው። ግን ድምፃቸው ሌላ ነው፤ ክራር የሚመስል አጭርና ጥርት ያለ አመታት የሚፈልግ ተጫዋች ብዙ ጊዜ ይተዋቸዋል። ጫጫታ ለማጥፋት ብቻ ብሎ ሙሉ ቶኑን መለወጥ ልክ አይመስለኝም።

ስለ ርካሽ ፒክአፕ ከጀመርኩ አይቀር ልጨርሰው። የሴራሚኩ ዓይነት ድምፁ ጠንከር፣ ሚዱ (መካከለኛው ድምፅ) ወፈር የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። የብረት ዘንግ ከአልኒኮ ዘንግ የበለጠ ኢንዳክታንስ ይሰጣል፤ ጫፉ ዝቅ ይላል። ይህ ጠባይ እንጂ ብልሽት አይደለም። ትንሽ ከክሩ አርቁት፣ ፖቶቹን ፈትሹ፣ ድምፁ ይከፈታል።

ርካሽ ሀምበከር ከሆነ ደግሞ ዕድሉ ሰፊ ነው። አራት ሽቦ ያለው ከሆነ ባለ ስድስት እግር ትንሽ ስዊች ገዝታችሁ ሁለቱን ጥቅሎች ከተከታታይ ወደ ጎን ለጎን መቀየር ትችላላችሁ። ኢንዳክታንሱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ቅድም በ3100 የነበረው ጫፍ ከ6000 በላይ ይወጣል። ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ግን ጥርት ይላል፣ ጫጫታውም እንደተሰረዘ ይቆያል። አንዱን ጥቅል ቆርጦ ማጥፋት ብዙ ሰው የሚወደው ዘዴ ነው፤ ያኔ ግን ጫጫታው ይመለሳል። እኔ ጎን ለጎኑን አስበልጣለሁ።

ማግኔቱም ይቀየራል። ከታች ያሉትን አራት ብሎኖች አላሉ፤ በሁለቱ ጥቅሎች መካከል ያለው ማግኔት ተንሸራቶ ይወጣል። በሴራሚኩ ፈንታ አልኒኮ 5 ወይም ለስለስ ያለውን አልኒኮ 2 ማስገባት ይቻላል። ከማውጣታችሁ በፊት የትኛው ጎን ወደ የትኛው ጥቅል እንደሚያይ ምልክት አድርጉ። ከተገለበጠ ከሌላው ፒክአፕ ጋር ሲጣመር ድምፁ ይቀጥናል። ትንሿ የማግኔት ቁራጭ ከሙሉ ፒክአፕ በጣም ትረክሳለች፣ ለሚያመጣላችሁም ሰው ሸክም አትሆንም።

አንድ ነገር ልጨምር። የሀምበከር ክዳን ሁሉ አንድ አይደለም። ጥሩዎቹ ከኒኬል ሲልቨር ይሠራሉ። ብዙ ርካሾች ከነሐስ ተሠርተው ክሮም ይቀባሉ። ነሐስ ኤሌክትሪክ አሳምሮ ስለሚያስተላልፍ ክዳኑ ውስጥ ጥቃቅን ከረንት ይዞራል፤ ትሬብሉን የሚበላው ያ ነው። ክዳኑ ከሥር በሁለት ቦታ ሶልደር ተደርጓል። ያንን አቅልጣችሁ ብታነሱት ልዩነቱን ትሰማላችሁ። ይህን የማደርገው ግን ከሁሉ በኋላ ነው፤ የሶልደሩ ሙቀት ሲረዝም ጥቅሉን ይጎዳልና።

በአንድ ነጥብ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ፒክአፕ እንደገና መጠቅለል ለጀማሪ አይሆንም። ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ በሺዎች ዙር ሳይበጠስ፣ ሳይላላ ማዞር የዓመታት ሙያ ነው። አቢጌል ይባራ የተባለች ሴት ከ1956 ጀምሮ ፌንደር ውስጥ ይህን በእጇ ስትሠራ ኖራ ነው ስሟ በጊታር ሰዎች ዘንድ የታወቀው። በዳቦ ማሽን ሞተር ሠራሁት የሚል ቪዲዮ አይታችሁ ያላችሁን ደህና ፒክአፕ አትፍቱ።

ግን ዝም ያለ ፒክአፕ ሁሉ እንደገና መጠቅለል አይፈልግም። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ቸኩላችሁ አትፍረዱ። ቀጭኗ ሽቦ ከወፍራሙ ጋር የምትገናኝበትን ሁለት ነጥብ በአጉሊ መነጽር እዩ። ብዙ ጊዜ የምትበጠሰው እዚያው ላይ ነው። ጫፏን በጥንቃቄ አንድ ዙር ፈትታችሁ፣ ቫርኒሿን በሶልደሩ ሙቀት አቃጥላችሁ መልሳችሁ አገናኟት፣ እንደገና ለኩ። ቁጥር ከመጣ ፒክአፑ ተመልሷል። ካልመጣ የተበጠሰው ውስጥ ነው፤ ያን ጊዜ ከውጭ ለሚመጣው ዘመድ ደውሉ።